የእንዳ ኢየሱስ ነፋስና የእኔ እጅ

እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ዛሬ ቅበላ ነው። ባለቤቴ ኣስካል እራቱን እስክታቀርብ፣ ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው።

ጠዋት ዓፊፋ ደወለች። በዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ የስፖርት ሳይንስ የምታስተምር የወሎ ልጅ ናት፤ የጀመረችውን ሳታደርስ አትተኛም። ውድድሩ ተፈቅዷል አለችኝ። ግንቦት 1 እና 2፣ እዚሁ ኮረብታችን ላይ። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ከኛ ጋር ስምንት ጥንድ። በከተማችን እንዲህ ያለ የዲስክ ጎልፍ ውድድር ሲደረግ የመጀመሪያው ነው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዛሂድ ደወለ። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ከማንም ጋር አልጣመርም» አለኝ። ዛሂድ በያጅ ነው፣ የሐይቅ ልጅ፣ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ። አንድ የውጭ አገር መምህር ሁለት ቅርጫትና አንድ ሻንጣ ዲስክ፣ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ መወርወሪያ፣ ትቶልን ሲሄድ፣ የቀሩትን አሥር ቅርጫቶች አይቶ የሠራቸው እሱ ነው። ብረት ምሰሶ፣ ከላዩ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ከሥሩ ድስት የመሰለ ማረፊያ። ዲስኩን ከመነሻው ትወረውራለህ፤ ከወደቀበት ሄደህ እንደገና ትወረውራለህ፤ ሰንሰለቱን መትቶ ማረፊያው ውስጥ ሲወድቅ አበቃ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል።

ሩቅ የሚወረውር ሞልቷል። ሰው የሚለየው በመጨረሻዎቹ ስድስት እርምጃዎች ነው፤ ከዚያ ላይ ማግባት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ እንዳ ኢየሱስ ላይ ቆሞ በዚያ ነፋስ ውስጥ ማግባት ደግሞ የኔ ነው። ጉራ አይደለም፤ ጠይቁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ወጣቶቹ በጉልበት ያጡትን እኔ በብልሃት አገኘዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወጥቼ ሞከርኩ። ከስድስት እርምጃ ከዐሥሩ ስድስቱን ሳትኩ። ነፋሱ ነው።

ቤት ስገባ ለኣስካል ነገርኳት። በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ናት፤ የነፋሱን ፍጥነት በየሰዓቱ በኖት እየለካች የምትጽፈው እሷ ናት። «ኣንታ ሀብቴ፣ ዛሬ እኮ ስምንት ኖት ነው» አለች። «ስምንት ኖት ፌስታል እንኳን አያስሮጥም።»

አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት የኵሓ ነፋስና የእንዳ ኢየሱስ ነፋስ አንድ አይደለም አልኳት። ኮረብታ ላይ ሌላ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ቸኩያለሁ። ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያ ልምምድ። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ፤ የዘንድሮው ጠመኔ ቀጭን ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ፣ የካቲት 15

ዛሬ ግሩም ቀን ነበር፤ ከአንዲት ነገር በቀር።

ዓፊፋ ተማሪዎቿን ሰብስባ «በነፋስ ማግባትን ጋሽ ሀብቴ ያሳዩአችኋል» አለቻቸው። ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ዲስኩን ያነሣዋል አልኳቸው፤ ስለዚህ አፍንጫውን ደፋ አድርገህ ከሰንሰለቱ ግርጌ ታነጣጥራለህ። ከኋላ ሲመጣ ይጫነዋል፤ ከፍ ታደርጋለህ። ከጎን ከሆነ ሆዱን ለነፋስ እንዳታሳይ፤ ያሳየህ ቀን ዲስኩን የምታገኘው ገደል ውስጥ ነው። እግርህን ክፈት፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ትንፋሽህን አውጣ። ከዚያ ጠብቅ። የትኛውም ነፋስ መሀል ላይ ረገብ የሚልባት ቅጽበት አለችው፤ እሷን የማይጠብቅ ሰው ይህን ጨዋታ ይተወው።

ደብተር አውጥተው ይጽፉ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ጸጥ ብለው ሲሰሙኝ ግን ደስ አለኝ። «አሁን ያሳዩን» አሉ። ዛሂድን ጠርቼ እሱ እንዲያሳይ አደረግሁ። አስተማሪ ሁልጊዜ ራሱ አይወረውርም።

አንዲቱ ነገር ይህች ናት። በኋላ መምህራን ክበብ ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆው ከንፈሬ ሳይደርስ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ጾም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ከርሜአለሁ። ዓፊፋ መሐረብ ሰጠችኝ። ዛሂድ ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ዛሬ ኣስካል ወረቀት ላይ ጽፋ አመጣችልኝ፤ «11፡00 ሰዓት፣ 4 ኖት»። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዐሥር ሦስት አግብቼ ነበር የገባሁት።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ምንም። የጠየቅከኝን ነው ያመጣሁልህ።»

እኔ አልጠየቅኋትም። ይህ እስክሪብቶ ደግሞ አይረባም፤ ፊደሉ መስመሩ መጨረሻ ላይ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ሌላ እገዛለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 22

ዘጠኝ! ከዐሥር ዘጠኝ! በሚያስጮኽ ነፋስ!

ዛሂድ አዲስ የመለማመጃ ቅርጫት ሠርቶ ኮረብታው ላይ ካለው የድሮ ምሽግ በታች ተከለልን። የመጀመሪያውን ወረወርኩ፤ ገባ። ሁለተኛው ጫፉን ብቻ ነክቶ ገባ። ስድስተኛው ላይ ዛሂድ እጁን አንሥቶ «ወላሂ ጋሼ፣ ተመለሱ!» አለ። የት ሄጄ ነበር? አልኩት፤ ሳቅን።

ለኣስካል ስነግራት ፊቷ አልፈካም። «ጽቡቕ» ብላ፣ ጥሩ ነው ለማለት ያህል፣ ወደ ሥራዋ ዞረች። ሰው በደስታህ ሳይደሰት ሲቀር ይከብዳል። አልፎም ይሂድ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ እጄ እንደ ድሮው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

መምህራን ክፍል በር ላይ ሳልገባ ቆምኩ። የሒሳብ መምህሩ ታመነ ነበር የሚያወራው። «ጠዋት ጠዋት ቀማምሶ የሚመጣ ይመስለኛል። እጁን አላያችሁትም? ስም ሲጠራ ወረቀቱ ይርገበገባል።» አንዱ «ምስኪን» አለ።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። ስገባ ወሬ ለወጡ። እኔ በሕይወቴ ከበዓል ጠላ ያለፈ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ስለኔ ሊሆን አይችልም። ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ የካቲት 29

በአዲሱ ቅርጫት ስምንት። በሌሎቹ ቅርጫቶች ስንጫወት ግን ከአራት እርምጃ እንኳ ሳትኩ። የቆዩት ሰንሰለቶች ዝገዋል መሰለኝ፤ ዲስክ አይዙም። ዛሂድን «አሮጌዎቹን አድስልን» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ፤ ዐይን ዐይኔን ግን አላየኝም።

ዐርብ፣ መጋቢት 4

ርእሰ መምህሩ ጠርቶኝ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቱን ልትይዝ ትችላለህ ወይ አለኝ። «ዕረፍት ይሆንሃል» አለ። እረፍት የጠየቀ የለም። ደግሞም የሰጠሁትን የነጥብ ዝርዝር «አይነበብም» ብሎ መለሰልኝ። መነጽር ይግዛ።

ሌላም አለ፤ ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። ኣስካል ጓዳ ሆና አዲስ አበባ ካለችው ልጃችን ከትህትና ጋር በስልክ ታወራለች። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ቋንቋ ነው፤ ቀስ ብላ ብታወራም እሰማለሁ። «ንፋስ ኣይኮነን» አለች። «ኢዱ እያ።» ነፋስ አይደለም፤ እጁ ነው።

ስትወጣ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ሬዲዮው እንዳልተከፈተ በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 6

እጅግ ተዋርጄ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ዛሂድ ሥራ ስለነበረበት ቀድሜው ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ዲስክ ከእጅ ይነጥቃል። በአዲሱ ቅርጫት ሰባት አገባሁ። አንዱ ሰንሰለቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ላወጣው እጄን ስሰድ ጣቴ ማለፊያ አጣ። ቆጠርኩ። በሌሎቹ ቅርጫቶች ከላይ የሚወርዱት ሰንሰለቶች ዐሥራ ስምንት ናቸው። በዚህኛው ሠላሳ አራት። ማረፊያውም በአንድ ስንዝር ይሰፋል። እንዲህ ያለ ቅርጫት እንኳን ዲስክ ነፋሱንም ይይዛል።

ዛሂድ ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ ቅርጫቱ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

አየው፤ አየኝ። «ጋሼ…»

«ምንድን ነው አልኩህ?»

«ልምምድ ላይ ብቻ ብዬ ነው። ልብዎ እንዳይወድቅ።»

«አዘንክልኝ?»

«አላዘንኩም። እንዳይተዉኝ ፈርቼ ነው።»

«ነፋሱ ነው ያስቸገረኝ! ሰው አይደለህም? አታይም ነፋሱን?»

ከዚያ በዝግታ፣ የሚጎዳኝን ነገር እንደሚናገር እያወቀ፣ «ጋሼ፣ ነፋስ በሌለበት ቀንም አይቼዎታለሁ» አለ። «በጥር፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን። እጅዎ ብቻውን ነበር የሚነቃነቀው።»

ሊጽፉት የማይገባ ነገር ተናገርኩት። ተማሪዬ ሆነህ ከኔ ያገኘኸውን ረሳኸው አልኩት፤ ቤቴ የበላውን እንጀራ ቆጠርኩበት፣ አገሩን ሳይቀር ጠራሁ። እሱ ግን ዲስኮቼን ለቅሞ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝና ወረደ።

ሃያ ዓመት ልጆችን «ንዴትህን ሜዳ ውጭ ተወው» እያልኩ ሳስተምር ኖሬ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

የሸሚዝ ቁልፍ፤ አሥር ደቂቃ። ኣስካል ልትቆልፍልኝ መጣች። እጇን ገፋሁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ዛሂድ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ዓፊፋ «ልምምድ አቆማችሁ እንዴ?» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኛል አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ዛሬ እንዳ ኢየሱስ አልወጣሁም። ከማንም ጋር መገናኘት ስላልፈለግሁ ሁለት ዲስክና አንድ ጄሪካን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው የዓይናለም ሜዳ ሄድኩ። ጄሪካኑን ድንጋይ ላይ አቆምኩት። እንደ ቅርጫት ይሁነኝ ብዬ ነው። በስድስት እርምጃ።

ነፋስ አልነበረም። እውነቴን ነው፤ ከውሃ ጉድጓዶቹ አጠገብ የተሰጣ ልብስ ነበር፤ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከሩቅ ከነፋስ መብራት የሚያመነጩት የአሸጎዳ ማማዎች ይታያሉ፤ ክንፎቻቸው ቆመዋል።

ዐሥር ጊዜ ወረወርኩ። ሁለቱ መቱ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። ምንም አላዘዝኩትም። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ክኒን እንደሚያድበለብል ሰው ይፋተጉ ነበር። ረዥም ጊዜ አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ቤት ስገባ ኣስካልን «ሐኪም ዘንድ ሂድ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«አላልኩም» አለች። «ልልህ እፈልግ ነበር እንጂ።»

«እንግዲያው ረቡዕ አብረን እንሂድ።»

«ሕራይ» አለች። ከዚያ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። ለኔ ሳትናገር ስንት ወር እንደቻለችው አሰብኩ። የነፋሱን ቁጥር ጽፋ ያመጣችልኝ ልትሞግተኝ አልነበረም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አትቸኩልም። ጣቶችዎን አነካኩ አለችኝ። ተነሡ፣ እስከ በሩ ሂዱ፣ ተመለሱ። «ሲሄዱ ግራ እጅዎ ይወዛወዛል፤ ቀኝዎ ግን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ያውቁ ነበር?» አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት የልጆች እጅ አወዛወዝ ሳርም የኔን አላየሁም።

ከዚያ ወረቀት ሰጥታ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ጻፉ አለች። ስሜን፣ ሥራዬን፣ የመጣሁበትን አገር ጻፍኩ። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። «ሀብቴ» የሚለው ትልቅ ነው፤ «ደብረ ብርሃን» የሚለው ጉንዳን ያህላል። እስክሪብቶውን አልወቅስም፤ የሷ ነበር።

ፓርኪንሰን ይባላል አለች። ከአእምሮ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ይዳከማል። አይድንም፤ መድኃኒቱ ግን ብዙ ዓመት ያሠራል። አይገድልዎትም አለች። ለጊዜው በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያለው።

«ስፖርት ላቁም?»

«በጭራሽ! ቢያቆሙ ነው የምቆጣዎት።»

ከሰማኋት ሁሉ ይዤ የወጣሁት ይህን ነው፤ ለጊዜው በቀኝ በኩል ብቻ።

መንገድ ላይ ኣስካል ክንዴን ያዘች። አልገፋኋትም። ጥቂት እንደሄድን «አዘንሽብኝ?» አልኳት።

«ተናድጄብህ ነበር» አለች። «ከእሑድ ወዲህ ግን ኮርቼብሃለሁ።»

እሑድ፣ መጋቢት 20

ዛሂድ እሑድም ይሠራል። መናኸሪያው ጀርባ ያለው ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ በር ይበይዳል። እሳቱ እስኪጠፋ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበር ጠረገልኝ። እኔ በዚያች ወንበር ላይ መቀመጥ እንደማይገባኝ እያሰብኩ ተቀመጥኩ።

«ዛሂድ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ልውሰደው» አልኩት። «አንተ ልክ ነበርክ። በሽታ ነው። ስም አለው።» ስሙን ነገርኩት።

ጓንቱን አወለቀ። «አላህ ያሽርዎት» አለ። «ከባድ ነው?»

«የማይለቅ ነው። ስለዚህ ሌላ አጣማሪ ፈልግ። ከዓፊፋ ተማሪዎች ጥሩ ጥሩ አሉ። እኔ ከዳር ሆኜ ነፋሱን እነግራችኋለሁ።»

«አልፈልግም።»

«ልጅ አትሁን። ትሸነፋለህ።»

«እሸነፋለሁ እንዴ! ጋሼ፣ እኔ እኮ ከአምስት ዓመት በፊት ከብረት በስተቀር የማውቀው አልነበረም። ሰው ሆኜ ሰው ፊት የቆምኩት እርስዎ ‹ና ወርውር› ስላሉኝ ነው። ብሸነፍም ከእርስዎ ጋር ልሸነፍ።»

ለዚያ ነው ሳላስበው የተናገርኩት፤ ወይም ከረቡዕ ጀምሮ ሳስበው ኖሬ ይሆናል። «ግራ እጄ ደኅና ነው» አልኩት።

ቀና አለ።

«ስድስት ሳምንት አለን። ቅርጫቱ ላይ የጨመርካቸውን ሰንሰለቶች ቁረጣቸው፤ ማረፊያውንም አጥብበው። ዛሬውኑ።»

«ዐሥራ ስድስቱንም?»

«ዐሥራ ስድስቱንም።»

መቁረጫውን አነሣ። ያን ያህል ጥርሱን ያሳየበት ቀን አላስታውስም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ግራ እጅ። ከዐሥር ዜሮ። አንዱ ወደ ኋላዬ ሄደ፤ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ሁለት የግቢው ተማሪዎች ቆመው አዩ። ይዩ።

እሑድ፣ መጋቢት 27

ከሁለት እርምጃ፣ ከዐሥር ሦስት። ለተማሪዎቼ የምላቸውን ሁሉ ለራሴ እላለሁ፤ ከቅርብ ጀምር፣ አትቸኩል፣ ስሕተትህን አትጥላው እየው። ጀማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ያኔ ለማይችል ልጅ ትዕግሥት ያጣሁባቸው ቀናት ትዝ እያሉኝ አፈርኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ትናንት ፋሲካ ነበር። ትህትና መጥታለች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ጊዜ ቆየች፤ ከዚያ «አባዬ፣ እስቲ ግራህን አሳየኝ» አለች። ግቢያችን ውስጥ የልብስ ቅርጫት አቁመን ሦስታችንም ተወዳደርን። ኣስካል አሸነፈች። በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳራችን ይህን ችሎታ አላወቅሁላትም።

መድኃኒቱ ሸሚዝ ለመቆለፍ ረድቶኛል። ለማግባት ግን አይበቃም። ግራ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ከስድስት እርምጃ፣ በሃያ ኖት ነፋስ፣ ከዐሥር አምስት። ቁጥሩን ኣስካል ናት የሰጠችኝ፤ አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ እጠይቃታለሁ። ሃያ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ቀኝ እጄ የሚያውቀው ሁሉ ግራዬ ውስጥ ገብቷል፤ ጉልበት ማጠፉ፣ ጥበቃው፣ የረገበችዋን ቅጽበት መያዙ። እጄ ነው እንጂ እውቀቴ አልታመመም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

የመጀመሪያው ቀን። ከስምንት አራተኛ ነን። ደክሞኛል። ባሕር ዳሮች ነፋሱን ሲረግሙ ዋሉ። እኔና ዛሂድ ዝም አልን።

እሑድ፣ ግንቦት 2

ሁሉንም ልጽፈው ነው፤ ፊደሉ የፈለገውን ያህል ይነስ።

ጠዋት ነፋሱ ሃያ ስድስት ኖት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ባሰበት። አቧራው ምሽጉን ሸፈነው። የጥንድ ጨዋታ ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁለታችሁም ትወረውራላችሁ፤ የተሻለውን መርጣችሁ ከዚያ ትቀጥላላችሁ። ሩቁን ዛሂድ ይወረውር ነበር፤ ልጁ ዛሬ እንደ ንስር ነው የላከው። የሐዋሳዎቹን በአምስተኛው ቅርጫት፣ የባሕር ዳሮቹን በስምንተኛው ቀደምናቸው። በዐሥራ አንደኛው ላይ ከፊታችን የአዲስ አበባ ጥንድ ብቻ ቀረ፤ በአንድ ውርወራ ይቀድሙናል።

እነሱ ሳቱ። እኛ ከሰባት እርምጃ ላይ ነን። ነፋስ ከፊት፤ ከቅርጫቱ ኋላ ቁልቁለት። እዚያ ላይ የሳተ ዲስክ ከታች ካለው መንገድ ነው የሚለቀመው።

ዛሂድ ቀድሞ ወረወረ። ነፋሱ አነሣበት፤ ከሰንሰለቱ በላይ አልፎ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ። ሰው ሁሉ «ኣይ!» አለ። ዛሂድ ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዝም ብለህ ቁም» አልኩት።

ዲስኩን በግራዬ ያዝኩ። ቀኝ እጄ ጎኔ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መቶ ሰው ፊት። ኪሴ ውስጥ አልከተትኩትም። ይንቀጠቀጥ። ጉልበቴን አጠፍኩ። ትንፋሼን አወጣሁ። ነፋሱ ፊቴ ላይ አሸዋ ይረጫል። ጠበቅሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ምን ይጠብቃል?» ሲል ሰማሁ። ዓፊፋ ስትመልስለት ደግሞ ሰማሁ፤ «እሳቸው ያውቃሉ።»

ረገብ አለ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

አፍንጫውን ደፍቼ ለቀቅሁት። ዝቅ ብሎ ሄደ፤ መሬት የሚነካ መስሎኝ ነበር። መሀል መንገድ ላይ ነፋሱ ተመልሶ መጣና ከሥሩ ገብቶ አነሣው፤ ልክ እኔ እንዳሰብኩት። ሰንሰለቱ መሀል ላይ መታ።

ያን ድምፅ ብረት ሠሪ ሁሉ ይሠራዋል። ለኔ ግን ሌላ ነው።

ዛሂድ አንሥቶ አቀፈኝ፤ እግሬ መሬት ለቀቀ። ኣስካል ዳር ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ከሥራ እንዴት እንደወጣች አላውቅም።

በመጨረሻው ቅርጫት ተሸነፍን። እኩል ሆነን ደርሰን ሁለታችንም ከሩቅ ሳትን፤ አዲስ አበቦች አንዱን አገቡ። ሁለተኛ ወጣን። ሜዳሊያው ሲሰጥ ቀኝ እጄን ነው የዘረጋሁት። ተንቀጠቀጠ፤ የሰጪው ሰው ዐይን እጄ ላይ ቆየ። እኔ ዐይን ዐይኑን አየሁት። በቀኜ ተቀበልኩ፤ ከእጄ አልወደቀም።

የአዲስ አበባው ቡድን መሪ፣ ፍቃዱ የሚባል ረዥም ሰው፣ ሲሰናበት ወደኔ መጣ። «በክረምት አንድ ሳምንት መጥቼ ብማር ያስተምሩኛል?» አለኝ። በክረምት ነፋስ የለም፤ በየካቲት ና አልኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

በዕረፍት ሰዓት መምህራን ሁሉ ባሉበት ተነሣሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱስ ደኅና ነበር።

«እጄ የሚንቀጠቀጠው ጠጥቼ አይደለም» አልኩ። «ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም አለብኝ። ማስተማሬን አላቆምም፤ የማቆምበትን ቀን ሐኪሜ ትነግረኛለች። ግምጃ ቤቱን ለሌላ ስጡልኝ።»

ርእሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሜዳው ያንተ ነው» አለ። ታመነ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ነበር። ስወጣ ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጣና «ጋሽ ሀብቴ፣ እኔ…» ብሎ ቆመ። እሱም እንደኔ የማይመች ነገር አፉ ላይ ይዞ ስለነበር አላስጨረስኩትም። ትከሻውን መታ አድርጌው አለፍኩ።

ዛሂድ የመለማመጃውን ቅርጫት ትናንት ማታ በጋሪ አስጭኖ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተክሎልናል፤ ዐሥራ ስምንት ሰንሰለት፣ ከዚያ አንድም አይበልጥ። ዘጠነኛ ለዎች ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንደኛውን ዲስክ ከአምስት እርምጃ ወረወርኩ፤ ገባ። አጨበጨቡ።

ፊት የቆመች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?»

«ከመጋቢት ጀምሮ» አልኳትና ዲስኩን ለሷ ሰጠኋት።